ቅጂ ያልነበሩት ሰማንያ ሦስቱ

ታላቅ እህቴ እትዬ ካረፈች ወዲህ ማክ ኮምፒውተሯ ያለው እኔ ጋ ነው፤ ልብስ የምተኩስበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ። በሳምንት አንድ ቀን ከፍቼ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ሲነሳ ከስክሪኑ አናት በስተቀኝ በኩል ትንንሽ ምልክቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ዓይን፣ መቀስ፣ ባትሪ፣ የቀለም ጎማ። አንዱ አዲስ እትም እንደመጣለት ይነግረኛል፣ ሌላው ዲስኩን ላጽዳልሽ ወይ ይለኛል። «ቆይ» የሚለውን እጫናለሁ። እሷ «ትንንሾቹ» ነበር የምትላቸው፤ ስለ ጎረቤት ልጆች እንደምታወራ።

እትዬ ፈሪ ነበረች። ልነቅፋት አይደለም፤ ራሷም አትክደውም። በር ቆልፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ተመልሳ የምትገፋ፣ ምድጃ አጥፍታ እጇን አስጠግታ የምትፈትሽ ሰው ነበረች። ማኳ ላይ ያሉት ትንንሽ ፕሮግራሞችም እያንዳንዳቸው ከአንድ ድንጋጤ የመጡ ናቸው። ዓይኑ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ የሚጠብቅ ነው፤ አንዴ በሥራዋ ላይ መጽሐፍ ስታስቀዳ አንባቢው አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲያነብ ማኩ መሃል ላይ ተኝቶ ቀረጻው ከቀረባት በኋላ ያስገባችው። መቀሱ ኮፒ ያደረገችውን ሁሉ ያስታውሳል፤ አንድ ገጽ ማስታወሻ ቆርጣ ሳትለጥፈው ሌላ ነገር ቆርጣ ያጣችው ዕለት ማታ መጣ። ባትሪው ቻርጁ ከሰማንያ በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ የአንዲት ባልደረባዋ ኮምፒውተር ባትሪ አብጦ ክዳኑን ሲገፋው አይታ ነበር። የቀለም ጎማው ዲስኩ ውስጥ ምኑ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ በቀለም ከፋፍሎ ያሳያል። የመቶ ፋይል ስም በአንዴ የሚቀይርም ነበራት። «እነሱ ባይኖሩ ሥራውን ጥዬ እሄድ ነበር» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን እነሱ በኖሩ ቁጥር የምትፈራው ነገር የበዛ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዋ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን በድምፅ ማዘጋጀት ነበር። የምትሠራበት ማዕከል ሁለት ክፍል ነው። በውስጠኛው ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ተለብጦ አንባቢው ማይክሮፎን ፊት ይቀመጣል፤ በውጪኛው እሷ፣ ማኩና አንድ ትልቅ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አሉ። መሃላቸው መስታወት ነው። ለሥራዋ ሁለት ደንብ ነበራት፤ ከእሷ ሌላ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መኖሩን እንጃ። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ልክ አሥር ደቂቃ ላይ ትቆርጠዋለች፣ ካጠረም በዝምታ ትሞላዋለች፤ ከሴኮንድ ሽራፊ አታሳልፍም። ተማሪው አራት ቁራጭ ዘለልኩ ካለ አርባ ደቂቃ መዝለሉን እንዲያውቅ ነው። ሁለተኛ፣ ማንም በሌለበት የክፍሉን ዝምታ አሥር ሴኮንድ ቀድታ አስቀምጣለች፤ ያንኑ አንዱን ዝምታ በየቁራጩ መጀመሪያ ላይ ትለጥፈዋለች። ተማሪው ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሲሻገር ጆሮው እንዳይደነግጥ ነው። ስለ ሰው ድንጋጤ እንዲህ ታስብ ነበር።

ያን ዓመት ትልቁ ሥራዋ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር፤ ሁለቱን ደንቦቿን የጀመረችውም በእሱ ነው። ያነበቡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ይህንኑ ትምህርት ስለሆነ ገጹን ሳያዩ የሚቀጥሉበት ጊዜ ነበር። ሰማንያ አራት ቁራጭ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ሲያነቡ ድምፃቸው ይሰነጠቅ ጀመር፤ ውሃ እየጠጡ ጨረሱት። ከወር በኋላ ሐኪም ቤት ገብተው የድምፅ ሳጥናቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። ነቀርሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣም። መጽሐፉም ገና ለተማሪዎች አልተባዛም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሃርድ ዲስኩ ሞላሁ አለ። እትዬ በእጇ ፋይል መሰረዝ ትፈራለች፤ እጅ ይሳሳታል። ስለዚህ አንድ አዲስ ትንሽ ፕሮግራም አስገባች፤ ሥራው ሁለት ቦታ የተቀመጡ ተመሳሳይ ፋይሎችን ፈልጎ አንዱን አስቀርቶ ቅጂዎቹን ማንሳት ነው። የድሮ መጻሕፍት ቅጂዎች በየፎልደሩ ተበታትነው እንደነበር ታውቃለች፤ ሦስት ጊጋባይት ቢያስለቅቅልኝ ብላ ጠበቀች። በሁለት ደቂቃ ጨርሶ አሥር አላት። ደስ አላት። አጸዳች፣ የተሰረዘው የሚገባበትን ትራሽም ባዶ አደረገች። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጡረተኛ ነርስ የባዮሎጂ መጽሐፍ ልታነብ መጣች፤ ሃያ ደቂቃ ቀድተው ተለያዩ።

ረቡዕ ጠዋት የመምህሩ ባለቤት ደወሉ። ይህን እትዬ ናት የነገረችኝ።

«ልጄ፣ ነገ እንመጣለን» አሏት። «ሰውዬው ድምፄን ካልሰማሁ ብሎ ቤቱን አናግቶታል።»

«እንዴት አድርገው እማማ?»

«በወረቀት ነዋ። ድሮ በአፉ ነበር የሚጮህብኝ፤ አሁን ፊደሉን እያተለቀ ይጮህብኛል። ሌላ ቦታ የተቀዳ የለውም እኮ፤ የሠርጋችን ካሴት እንኳ ተበልቷል። አንቺ ጋ ያለው ብቻ ነው። በፍላሽ ታደርጊልናለሽ አይደል?»

«አደርጋለሁ» አለቻቸው። ስልኩን ዘግታ ፎልደሩን ከፈተች። ውስጡ አንድ ፋይል አለ። ቁጥር አንድ። ሌላ ምንም።

ለእኔ የደወለችው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሥራ ቦታ ደውላልኝ አታውቅም።

«ነይ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ነይ አልኩሽ እኮ።»

መተኮሻውን ነቅዬ በቤት ጫማዬ ወጣሁ። ስደርስ ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። «ምንም እንዳልነካ ነው» አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።

ብሎን መጣ። ብሎን የማዕከሉን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ጎልማሳ ነው፤ ማሽን ሲፈታ ትንንሾቹን ብሎኖች በከንፈሩ ስለሚይዝ ነው ስሙ የወጣለት። ሁልጊዜ አፉ የሞላ ይመስል በጥርሱ መሃል ያወራል። ቆሞ አንገቱን አስግጎ የአዲሱን ፕሮግራም ማስተካከያ ከፈተና መስመር በመስመር አነበበው።

«ፈጣን ፍተሻ ላይ ነው የነበረው» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ፈጣን ቢሆን?»

«ፈጣኑ ፋይሉን ሙሉ አያነብም እህቴ። መጠኑን ያያል፣ መጀመሪያውን ትንሽ ይቀምሳል፤ ሁለቱ ከገጠሙ ቅጂ ነው ብሎ ያልፋል። የማንም ሰው ቀረጻ በመጠን አይገጥምም፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ያንቺ ሁሉም አሥር ደቂቃ፤ ሁሉም በዚያው በአንድ ዝምታ የሚጀምር። እሱ ምን ያድርግ? ሰማንያ አራት ጊዜ አንድ ፋይል ነው ያየው።»

ቅጂ ብሎ ያነሳቸው ሰማንያ ሦስቱ ቅጂ አልነበሩም። ንጹሕ አሠራሯ ነው የበላት።

«መጠባበቂያ ቅጂስ፣ ባክአፕ?» አላት።

«ማኩ በየቀኑ ይይዛል። አረንጓዴ ምልክት አያለሁ።»

«ማኩን ይይዛል። ይህን ዲስክ ያዝ ብለሽዋል?»

ወደ ሃርድ ዲስኩ አየች። አላለችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አረንጓዴውን ምልክት እያየች ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ይጠበቅ የነበረው ሌላ ነገር ነው።

ብሎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲህ ስሚኝ። የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ዲስኩ ቦታው ባዶ ነው ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ ድምፁ እዚያው ተኝቷል፤ ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍ ድረስ። ከሰረዝሽ በኋላ እዚህ ዲስክ ላይ የጻፍሽው ነገር አለ?»

«ባዮሎጂ» አለች። «ሃያ ደቂቃ።»

«ሃያ ብቻ?»

«ሃያ።»

«ሰዓት ብትቀጂ ኖሮ ሻንጣዬን አልከፍትም ነበር» አለና ከፈተ። የራሱን ዲስክ ሰካ፤ የጠፉ ፋይሎችን የሚፈልግ ፕሮግራም ከእሱ ላይ አስነሳ። የተገኘውም ወደ እሱ ዲስክ ነው የሚገባው፤ በእትዬ ዲስክ ላይ አንዲት ፊደል እንዳይጻፍ። ስክሪኑ ላይ ባዶ መስመር ወጣ፤ በስተግራ ጫፉ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ነገር ታየ። ከሥሩ «የተገኘ፦ 0» ይላል። የቀረው ጊዜ አምስት ሰዓት ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ ዜሮ እንደሆነ ቆየ። ብሎን ሌላ ቢሮ የሚጠግነው ነበረውና እየወጣ እየገባ ያየዋል። እትዬ ዓይኗን አልነቀለችም። አምፖሉ አንዴ ብልጭ ሲል ሁለታችንም ከወንበራችን ተነሳን። ማኩ ባትሪ አለው፤ ትልቁ ዲስክ ግን በግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ መብራት ቢሄድ ፍለጋው መሃል ላይ ይሰበራል። ማራገቢያውን ነቀልን፣ ውሃ ማፍያውን ነቀልን፣ የክፍሉን መብራትም አጠፋን። ማራገቢያው ስለቆመ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ከዲስኩ ውስጥ ጥርስ የሚፋጭ የመሰለ ድምፅ ይሰማል።

«ይህ ድምፅ ድሮም ነበረው?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች። «ሰምቼው አላውቅም። አሁን ነው የምሰማው።»

ቆይታ፣ «ለእማማ ደውይላቸው» አለችኝ። «ታመመች በያቸው። ነገ አትምጡ በያቸው።»

ስልኩን ወሰድኩ። የመምህሩ ባለቤት ገና «ሃሎ» ሲሉ ደስታቸው ያስታውቃል። «ከማዕከሉ ነሽ? እሱ ካሁኑ ሸሚዙን አስተኩሶኛል፤ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሄድ መስሎት። በስንት ሰዓት እንምጣ?» አሉኝ።

«በሦስት ሰዓት» አልኳቸው።

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እኔም አልችልም ነበር» አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ዜሮው ሦስት ሆነ። ከዚያ አሥራ አንድ። እትዬ ቁጥሩን በከንፈሯ ትቆጥራለች፤ ድምፅ አታወጣም። ሃያ ስምንት ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ ቆየ፤ ከዚያ ቀጠለ። አሥር ሰዓት ላይ መስመሩ ሞልቶ ፕሮግራሙ ቆመ። ሰማንያ አንድ።

ብሎን እንደገና ቆጠረ። «ሁለት የሉም» አለ። «ባዮሎጂው ተኝቶባቸዋል። ሃያ ደቂቃ ስለቀዳሽ ሃያ ደቂቃ ወሰደ፤ ሒሳቡ እንኳ ልክ ነው።»

«የትኞቹ ናቸው?»

«እሱን አትጠይቂኝ። ስማቸውን አልመለሰም፤ ዲስኩ ላይ ባገኛቸው ተራ ቁጥር ሰጥቷቸዋል እንጂ። ደግሞ እህቴ፣ ካሁኑ አትደሰቺ። ፋይሉ ተገኘ ማለት ውስጡ አለ ማለት አይደለም። መሃሉ የተበላ ሊኖር ይችላል። ተከፍቶ ካልተሰማ አይታወቅም።»

የመጀመሪያውን ከፈተው። ዝምታ ነው። ያ የተለጠፈው አሥር ሴኮንድ ዝምታ። እትዬ ክንዴን ጨብጣ ያዘች፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ። ከዚያ የመምህሩ ድምፅ ስለ ነፋስ አቅጣጫ መናገር ጀመረ፤ እንደ ድሮው ሳይቸኩሉ፣ የቃሉን መጨረሻ ሳይውጡ። እትዬ ተነስታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። መምህሩ ቀጥ ያለ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ በስስ ሻርፕ ሸፍነውታል። በደረት ኪሳቸው ደብተርና እርሳስ። ባለቤታቸው ከኋላ ቦርሳ ታቅፈዋል።

እትዬ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። ሌሊቱን የተለማመደችውን ሁሉ ትታ፣ «መምህር፣ ድምፅዎን አጥፍቼዋለሁ» አለቻቸው። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ተረከችላቸው፤ ዝምታውን፣ አሥሩን ደቂቃ፣ ትራሹን፣ ሁለቱ የሉም የተባለውን፣ የተገኙትም ውስጣቸው እንዳልታየ። ባለቤታቸው ቦርሳውን ይበልጥ ጠበቅ አድርገው አቀፉት፤ የባላቸውን ፊት እንጂ የእሷን አያዩም።

መምህሩ ደብተራቸውን አወጡ። ጻፉ፤ ገጹን ገልብጠው አሳዩዋት።

«እኔም አጥፍቼዋለሁ። በሲጋራ።»

ባለቤታቸው፣ «አርባ ዓመት ስጨቀጭቀው ያላመነውን ዛሬ በጽሑፍ አመነልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀልድ አልነበረውም። መምህሩ እንደገና ጻፉ። «ክፈቺ።»

ያን ቀን፣ ማግሥቱንና ቅዳሜን አዳመጡ። እትዬ አንዱን ትከፍታለች፤ አሥር ሴኮንድ ዝምታ ይሆናል፤ በዚያ አሥር ሴኮንድ ውስጥ ሦስቱም አይተነፍሱም። ብሎን የተናገረው ነገር እያንዳንዱ ዝምታ ውስጥ አለ። ድምፁ ሲመጣ ባለቤታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይለቃሉ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰሙና ጣቶቻቸውን ያነሳሉ። አራት፤ ምዕራፍ አራት። ከዚያ ሁለት፤ ሁለተኛው ቁራጭ። መጽሐፉን አይከፍቱም። እትዬ ስሙን ትጽፋለች፤ ያን የመቶ ፋይል ስም በአንዴ የሚቀይር ፕሮግራም አልነካችውም፣ አንድ በአንድ በእጇ ጻፈችው። እስከ መጨረሻው ሳይሰሙም ወደ ሌላ አይሄዱም። እኔ ምሳ ሳደርስ ከመስታወቱ ወዲህ አያቸው ነበር፤ ድምፅ አልባው ሰው የራሳቸውን ድምፅ እየሰሙ ጣት ሲቆጥሩ።

አንዱ ውስጥ መሃል ላይ ካርቶን የሚቀደድ የመሰለ ጩኸት መጣ። እትዬ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ ድምፁ ተመለሰ። መምህሩ እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳርፈው አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ወደ ወንበሩ ጀርባ አልተደገፈም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጎደሉት ታወቁ። ሁለቱም ከምዕራፍ ሰባት ናቸው፤ ስለ ወንዞችና ስለ ሐይቆች። እትዬ ሁለቱን ባዶ ቦታዎች እያየች፣ «ሌላ አንባቢ እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው…» ማለት ጀመረች። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፉ። «አንቺ አንብቢው።»

«እኔ?»

ከሥሩ ሁለቴ አሰመሩበት።

«መምህር፣ እኔ እኮ ማይክሮፎን ፊት… እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሳስቀዳ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ድምፄ ይጠፋል። እግሬ ይያዛል።»

ፊደሉን አተለቁት። ባለቤታቸው በትከሻቸው ላይ አጎንብሰው አነበቡና፣ «ይኸው ጮኸብሽ» አሏት። «ግቢ፣ አለበለዚያ ገጹን ይጨርሰዋል።»

እትዬ ብርድ ልብስ ወደተለበጠው ክፍል ገባች። መምህሩ ተከትለዋት ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ቀረጻውን እንዴት እንደማስጀምር በመስታወቱ በኩል በእጇ አሳየችኝ፤ ቀይዋን ነጥብ ተጫንኩ። የጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግ መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሿን ነው፤ አጭር፣ የተቆራረጠ። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ተሰበረ። መምህሩ እጃቸውን አነሱ። ከመጀመሪያው ጀመረች። እጇ ላይ ያለው ወረቀት የሚያሰማው ድምፅ ይገባ ስለነበር እንደገና እጃቸውን አነሱ፤ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው በሁለት እጃቸው ፊቷ ዘርግተው ያዙላት።

በሦስተኛው ሙከራ እጃቸው አልተነሳም።

አሥር ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ አነበበች። አልቆረጠችውም። ሁለተኛው ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሆነ፤ እሱንም አልነካችውም፤ ዝምታ እንኳ አልለጠፈችበትም። ከክፍሉ ስትወጣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰማንያ ስድስቱን ሦስት ዲስክ ላይ ጻፈች፤ ሰማንያ አራቱን ቁራጮችና የተበላሹትን ሁለት የመጀመሪያ ሙከራዎቿን። አንዱን ማዕከሉ አስቀርታ አንዱን ለመምህሩ ባለቤት ሰጠቻቸው። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝና፣ «ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አድርጊው» አለችኝ። «ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር እንዳታገናኚው።»